የሐድጉ ሌባ ጣት

ልብስ ሰፊው ሐድጉ ዋጃ ላይ የወንድሙን ማሽላ ሲያስወቃ፣ የመውቂያው ማሽን ቀበቶ ቀኝ እጁን ከጎተተው ወዲህ ሌባ ጣቱና የቀለበት ጣቱ እንደ ደረቀ ቅርንጫፍ ተገትረው ቀርተዋል። ወልድያ ያለው ሐኪም ነገሩን ሳያድበሰብስ ነግሮታል፤ ጣቶቹ በራሳቸው ኃይል መታጠፍ ካልጀመሩ፣ ሕመሙ እንዲበርድ አንጓዎቻቸውን በቀዶ ጥገና አጋጥሞ ለዘለቄታው ያስራቸዋል። ቀጠሮው ለሰኞ ነው። በመርፌ የሚኖር ሰው ደግሞ ያለ ሌባ ጣት ምን ሊሰፋ ይችላል?

ሚስቱ ኤልሳቤጥ ግን ሌባ ጣቱ ሲታጠፍ በዓይኗ አይታለች። ሐኪም ፊት ሲቀርብ በፍርሃት ይደርቃል እንጂ፣ ቤቱ ሲሆን ጥቂት ይታዘዛል። በስልክ ቀርጻ ብትልክ ሐኪሙ፣ «መንቀጥቀጥ ይሁን መታጠፍ በቪዲዮ አይለይም። ማዕዘኑን ለክታችሁ ካሳያችሁኝ ግን አያለሁ» አላት። ኤልሳቤጥ ቆቦ ከተማ ሒሳብ የምታስተምር ሴት ናት፤ «ለክታችሁ» የምትለዋን ቃል ይዛ ተነሣች።

ከዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ የእጅን እንቅስቃሴ የሚከታተል ሴንሰር ተዋሰች። ከክብሪት ቀፎ ጥቂት የሚበልጥ ዕቃ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ወደ ላይ እያየ፣ በላዩ የተዘረጋውን እጅ አንጓ በአንጓ በቁጥር ይናገራል። ችግሩ፣ ማዕዘኑን የምታሰላበት ሶፍትዌር የሴንሰሩን ንግግር አያውቅም። ስለዚህ ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው የሚያቀብል ኮድ መጻፍ ነበረባት፤ ስትጽፍ፣ ስታፈርስ፣ እንደገና ስትጽፍ ሰነበተች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የራሷን እጅ በሴንሰሩ ላይ ዘረጋች። ጣቷን ስታጥፍ በኮምፒውተሩ ላይ ያለው መስመር ወጣ፤ ስትዘረጋ ወረደ።

«ሐድጉ፣ ና ተቀመጥ።»

ሐድጉ ከጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጠ። ከፊት ለፊቱ፣ ሕመሙን ሊጠይቁ ከጎብዬ የመጡት አማቱ አቶ ወልደ ሚካኤል ከዘራቸውን ተደግፈው ያያሉ። ቀኝ እጁን ዘረጋ። መስመሩ ተዘበራረቀ፤ ጣቱ አንዴ ወደ ኋላ የታጠፈ፣ አንዴ ጭራሽ የሌለ ይመስላል። ኤልሳቤጥ የራሷን እጅ መልሳ ሞከረች፤ መስመሩ ጥርት አለ። የእሱን ስትሞክር ተበላሸ።

«ማሽኑም እንደ እኔ ነው፤ ሲታይ ይደነግጣል» አለ ሐድጉ።

«ቀልዱን ተወውና ዘርጋ።»

«ልጄ፣ ምናልባት የታመመ እጅ አያውቅ ይሆናል» አሉ አባቷ።

«ጤነኛ እጅ ብቻ ካወቀማ ምን ይሠራልኛል? ያውቃል አባዬ!»

ቀኑ ገፋ፤ የቆቦ ፀሐይ ቆርቆሮውን አጋለችው። ኤልሳቤጥ ኮዱን ከላይ እስከ ታች ደግማ ደጋግማ አነበበች፤ ስሕተት አጣችበት። በመጨረሻ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ አንሥታ ባሏን አየች፤ ያን ጊዜ ገባት። ሐድጉ በአማቱ ፊት ቀኙን ሲዘረጋ፣ ግራ እጁ ማንም ሳያዘው ከሥር መጥቶ ቀኙን ይደግፋል። በትልቅ ሰው ፊት እጅ ብቻውን አይዘረጋም፤ በልጅነቱ የተቀጣበት ሥርዓት ነው። ከሥር የሚያየው ሴንሰር ታዲያ ግራውን ከቀኙ እያቀላቀለ ይናገር ነበር።

«ግራህን አውርድ!»

«የቱን?»

«አባዬን የምታከብርበትን!»

አወረደ። ጣቱን ለማጠፍ ሲታገል ግን ግራው ተመልሶ መጣ።

«እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው» አለ አፍሮ።

«ፈቅጄልሃለሁ፣ ሐድጉ» አሉ አማቱ።

«እሺ፣ አባባ» አለ፤ እሺ ሲል ግራው መጣ።

ኤልሳቤጥ ከንፈሯን ነከሰች። ጠያቂን፣ ያውም አባትን፣ ከመቀመጫው ማስነሣት ነውር መሆኑን ታውቃለች። ነገ ሰኞ መሆኑንም ታውቃለች።

«አባዬ፣ ይቅር ይበሉኝና ከዚያ ይነሡልኝ።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተነሡ። ወደ በሩ ግን አልሄዱም፤ ጠረጴዛውን ዞረው ከሐድጉ በስተግራ ተቀመጡና ግራ እጁን ይዘው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ኧረ በማርያም፣ አባባ!»

«ልጄን ከቤቴ ስትወስድ አላፈርክም፤ ዛሬ እጅህን ብይዘው ታፍራለህ? እጠፍ!»

ሐድጉ ጥርሱን ነክሶ አጠፈ። የሌባ ጣቱ መስመር ሳይቆራረጥ ወጣ፤ ትንሽ ጉብታ ሠርቶ ወረደ።

«ድገም» አለች ኤልሳቤጥ።

«አመመኝ እኮ!»

«ሐኪሙ በአንዱ አያምንም። ድገም።»

ላቡ በግንባሩ እየወረደ ደገመ፤ ጉብታውም ተደገመ። የቀለበት ጣቱ መስመር ግን ቢሞክር ቢሞክር እንደ ራያ ሜዳ ተዘርግቶ ቀረ።

«እሱን አትላኪው» አለ ሐድጉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አንዱን ደብቄ አንዱን እመነኝ ልበለው?» አለችና ሁለቱንም ላከች።

ሐኪሙ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደወለ። «ጣቱን የሚገፋለት ሰው ነበር?» ሲል ጠየቀ።

«ማንም አልነካውም። የተያዘው ግራ እጁ ነው» አለች።

«እንግዲያስ ሌባ ጣቱን አልነካውም፤ ጊዜ እሰጠዋለሁ። የቀለበት ጣቱን ግን ነገ አስረዋለሁ፤ እንዳትቀሩ» አለ ሐኪሙ።

ሐድጉ የቀለበት ጣቱን አገላብጦ አየው። «መርፌ በእሱ አይያዝም» አለ፤ ግራ እጁ ግን ጣቱን ይዞ ቀረ።

ኤልሳቤጥ ስልኩን አስቀምጣ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች።

«ጊዜ ሰጠን ማለት ሥራ ሰጠን ማለት ነው» አለች። «በል፣ እጠፍ።»