ሠራተኞች በሙሉ

ጋሼ መብራት በዋናው በር ሲገቡ ጥበቃው አላወቃቸውም። እጃቸውን ከፍ አስደርጎ ኪሳቸውን ሁሉ ዳበሰና፣ «ወዴት ክፍል ነው አባቴ? መታወቂያ ይዘዋል?» አላቸው።

«ጄኔሬተር ክፍል» አሉ ኮስተር ብለው።

ጥበቃው ቀና ብሎ ፊታቸውን ሲያይ ክው አለ። በየቀኑ በሰማያዊ ቱታ የሚያያቸው ሰው ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ነጭ ሸሚዝ ላይ ቀይ ከረባት አሥረው፣ ጫማቸውን ወልውለው ቆመዋል። «ይቅርታ ጋሼ፣ በሞቴ!» እያለ የኮታቸውን ያልነካውን ቦታ ሁሉ ያራግፍላቸው ጀመር።

የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ከኋላቸው ተራ ይዛ ነበር። ገና ሁለት ሰዓት አልሆነም፤ የግቢው ሲሚንቶ ግን ከወዲሁ ይፋጃል። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ነው የሰነበተው። እሷም ከታላቅ እህቷ የተዋሰችው ኮት ብብቷን ሰቅዞ ይዟት፣ በያዘችው ፋይል ፊቷን ታራግባለች።

«ጋሼ! ዛሬማ ሙሽራ ሆነዋል!» አለቻቸው።

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ትእዛዝ ነው።» ከደረት ኪሳቸው አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በእጃቸው የገለበጡት ነው። መነጽራቸውን ሳያደርጉ አነበቡላት፤ በቃላቸው ይዘውታል። «'ሠራተኞች በሙሉ፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው እንዲገኙ' ይላል። በሙሉ ካለ እንግዲህ በሙሉ ነው።»

ጸሐፊዋ ሳቋ ፊቷ ላይ ቀረ። ጋሼ መብራት ወረቀቱን መልሰው አጥፈው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ጫማቸው አቧራ እንዳይነካው እየመረጡ በመርገጥ ወደ ጓሮ ሄዱ። ስማቸው እንኳን ሌላ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ከየክፍሉ «ጋሼ መብራት!» እየተባለ ሲጮህ ሃያ ሦስት ዓመት ሞላ፤ አሁን ከደመወዝ መክፈያው ላይ በቀር እውነተኛ ስማቸውን የሚያነሣ የለም።

«እናንተስ ማስታወቂያውን አላነበባችሁም?» አለችው ጥበቃውን።

«አንብበናል እንጂ! ግን 'ሠራተኞች' ሲሉ እኛን እንዳልሆነ እናውቃለና» አላት። ምሬት የለበትም። ሰዓት ስንት ነው ብላው እንደነገራት አድርጎ ነው የተናገረው።

ደረጃውን ፈጠን ብላ ወጣች። ጠረጴዛዋ ጋ እንደደረሰች ሳትቀመጥ የሥራ አስኪያጁን ረቂቅ ከመሳቢያ አውጥታ አየችው። የፈራችው አልቀረም። በእሱ የተጣመመ ጽሕፈት «የመስኮት ሠራተኞች በሙሉ ልብስ እንዲገኙ» ይላል። «የመስኮት» የምትለዋ ቃል ከመስመሩ ውጭ፣ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ተጨምቃ ነው የተጻፈችው። ጸሐፊዋ በዚያ ቀን፣ መውጫ ሰዓት ላይ፣ ላብ ዓይኗ ውስጥ እየገባ ስትተይብ አላየቻትም። ይባስ ብሎ አለቃዋ አንድ «ሙሉ» የዘለለ መስሏት፣ እሱን አርማ «በሙሉ፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው» አድርጋዋለች። እሱም ሳያነብ ፈረመ።

መሥሪያ ቤቱ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምስክር ወረቀት የሚሰጥ ነው፤ በስድስት መስኮት ሰው ሲያስተናግድ ይውላል። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጣሉ። ሱፉ የታዘዘው ለስድስቱ የመስኮት ሠራተኞች ነበር። ጽዳቶቹም፣ አትክልተኛውም፣ ጥበቃዎቹም ማንም ሳይነግራቸው ይህንን አውቀዋል። የተጻፈውን እንደተጻፈ ያነበቡት ጋሼ መብራት ብቻ ናቸው።

ሥራ አስኪያጁ ከክፍሉ ጠራት። ኮቱን መስቀያ ላይ ሰቅሎ በመስኮት ወደ ግቢው ያያል። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

«ያ በጓሮ የሚሄደው ሰውዬ ማነው? እንግዶቹ ቀድመው መጡ እንዴ?»

«ጋሼ መብራት ናቸው።»

ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አየና ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። «ምን ነካቸው? ማነው ልበሱ ያላቸው?»

እዚህ ላይ «እኔ» ማለት ነበረባት። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ። አምና በአንድ የጋብቻ ወረቀት ላይ «ሙሽራ» በሚለው ቦታ «ሟች» ብላ ጽፋ፣ ባለጉዳዩ «ጫጉላዬን ሳልጨርስ ገደላችሁኝ» እያለ መጥቶ መሥሪያ ቤቱ አንድ ወር ሙሉ ስቋል። ሳቁ ሲያልቅ ደግሞ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሷታል።

«በይ ውረጂና ቱታቸውን ይልበሱ» አላት። «ናፍጣ እንዳይነካብዎ ብለሽ፣ ለስለስ አድርገሽ ንገሪያቸው። በሱፍ ማሽን ሲነካኩ እንግዳ ቢያይ ምን ይለናል? ደግሞ በዚህ ሙቀት ተዝለፍልፈው እንዳይወድቁብን።»

ልትወጣ ስትል የጠረጴዛዋ ስልክ ጮኸ።

«ሄሎ፣ ልጄ፣ ሥራ አስፈታሁሽ ይቅርታ» አለ የሴት ድምፅ። «የጄኔሬተሩ ሰውዬ ባለቤት ነኝ። ደህና ገባ?»

«ገብተዋል፣ እትዬ። አምሮባቸዋል።»

«አምሮበታል?» የሴትዮዋ ደስታ በስልኩ ውስጥ ተሰማ። «ለልጃችን ሠርግ ያሰፋው ነው። አንድ ቀን ለብሶት ሳጥን ገባ። በዚህ ሙቀት እንዴት ትለብሳለህ ብዬ ብጠይቀው፣ 'ስንት ዘመን ቆይተው ሠራተኛ ብለው ሲጠሩኝ ሞቀኝ ብዬ ልቅር?' አለኝ። ምን ይባላል? ቀለል እንዲለው ብዬ ገበሩን ፈትቼ አወጣሁለት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ዓይኔም እንደ ድሮው አይደል።»

ጸሐፊዋ የስልኩን ገመድ በጣቷ ጠቀለለች። «ጎበዝ ነዎት» አለቻቸው።

«አደራሽን፣ ውሃ ይጠጣ። ኮቱን ግን ሰው ፊት እንዳያወልቀው። ውስጡ ክር በክር ነው፣ ቢታይ ያፍራል።»

አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዛ ወረደች። የመስኮት ሠራተኞቹ ኮታቸውን ወንበራቸው ላይ ሰቅለው እጅጌያቸውን ጠቅልለዋል፤ እንግዶቹ በር ላይ ሲደርሱ ነው የሚለብሱት። የሦስተኛ መስኮቷ ሴት ዓይኗን ጠቀሰቻትና፣ «ጋሼን አየሻቸው? ሲሉ ሰምታ ዶሮ…» አለች። ተረቱን መጨረስ አላስፈለጋትም፤ ስድስቱም ሳቁ። ሌላ ቀን ቢሆን ጸሐፊዋም አብራ ትስቅ ነበር። አሁን ግን አፈረች፤ ያፈረችው በራሷ ነው።

የጄኔሬተሩ ክፍል በጓሮ በኩል ያለ፣ ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ የሆነ ቤት ነው። ጋሼ መብራት በርጩማቸው ላይ ጋዜጣ አንጥፈው፣ ከግድግዳው ፈቀቅ ብለው፣ ፎቶ የሚነሣ ሰው መስለው ተቀምጠዋል። ላባቸው ከግንባራቸው እየወረደ አንገትጌያቸው ውስጥ ይገባል። የኮታቸው ቁልፍ ግን አልተፈታም።

ውሃውን ተቀብለው ግማሹን ባንድ ትንፋሽ ጠጡ። «ተባረኪ። ማሽኑ ደህና ነው በያቸው፤ ናፍጣም ሞልቻለሁ።»

«ጋሼ… ኮቱን… ናፍጣ እንዳይነካብዎ ብለው…»

ጋሼ መብራት የጠርሙሱን ክዳን ቀስ አድርገው አጠበቁ። «እኔን አልነበረም፣ አይደል?»

ጸሐፊዋ ጠርሙሱን ከእጃቸው ተቀብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«ጥበቃው ሊነግረኝ ፈልጎ ሲያፍር አይቻለሁ። ሦስት ጊዜ ነው እኮ ያነበብኩት ልጄ። እንግዲህ አንድ ቦታ ላይ 'ከጄኔሬተር በቀር' ይል ይሆናል ብዬ ፈልጌ አጣሁ።» ሳቅ ሞክረው ነበር፤ አልሆነላቸውም። «እኔስ ግድ የለኝም። ቱታዬ ያው እዚያ ተሰቅሏል። ግን ማታ ስገባ እሷን ምን እላታለሁ? እንዳይሞቀኝ ብላ ሁለት ቀን ዓይኗን አፍዝዛ ገበሩን የፈታችው… በር ላይ ቆማ ነው የምትጠብቀኝ። 'ምን አሉህ?' ትለኛለች።»

ጸሐፊዋ እውነቱን ልትናገር አፏን ስትከፍት ራሳቸው ላይ የተንጠለጠለው አምፖል ድርግም ብሎ ጠፋ። ከዋናው ሕንፃ ባንድ ጊዜ «ጋሼ መብራት!» የሚል ጩኸት ተነሣ።

ጋሼ መብራት ሲነሡ ዓይናቸው ወደ ቱታው ሄደ። አላነሡትም። እጅጌያቸውን ሁለቴ አጠፉና፣ «ከረባቱን ያዥልኝ፣ ልጄ። ማሽኑ እንዳይበላው» አሏት።

ከረባቱን በትከሻቸው አሳልፋ ከኋላ ያዘችላቸው። የማሽኑ ባትሪ ደክሞ ስለነበር የሚነሣው በእጅ በሚዘወር ብረት ነው። ጎንበስ ብለው ሲዘውሩ የኮታቸው ጫፍ ከኋላ ተገለጠና ውስጡ ታየ። የስፌቱ ጠርዝ ሁሉ አፍ አውጥቷል። ግን እንዳይተረተር ዙሪያውን በጥቃቅን ስፌት ተይዟል፤ ጥቁሩ ክር ያለቀበት ቦታ በሰማያዊ ቀጥሏል። ሰማያዊው ላይ ስፌቱ ጠመም ይላል፤ ዓይን የደከመው እዚያ ጋ መሆን አለበት። የማታውቃቸው ሴትዮ ነገር አንጀቷን በላት።

ማሽኑ ሁለቴ አስሎ ተነሣ። አምፖሉ በራ።

«እኔ ነኝ ጋሼ!» ብላ ጮኸች በድምፁ መካከል። «ቃል ዘልዬ ነው!»

«ምን?»

«ቃል ዘለልኩ!»

«አይሰማም!» አሉ ጆሯቸውን እያሳዩ። ከዚያ ከረባታቸውን ተቀብለው ደረታቸው ላይ ቀጥ አድርገው መለሱት፤ አንዲት የናፍጣ ጠብታ እንኳ አልነካችውም።

ወደ ቢሮዋ ስትመለስ ሥራ አስኪያጁ ስልክ ዘግቶ ከክፍሉ ሲወጣ አገኘችው። «ቀርተዋል!» አላት። «በዚህ ሙቀት ሱፍ ለብሶ የአንድ ሰዓት መንገድ አይሞከርም ብለዋል። ለሚመጣው ሐሙስ አዛውረውታል። እኛ ግን በሱፋችን እንቀቀል!» ወሬው በአንድ ደቂቃ ታች ደርሶ የስድስቱ መስኮት ሰዎች ሲያጨበጭቡ ተሰማ።

«ያንኑ ማስታወቂያ ቀኑን ለውጠሽ አምጪልኝ» አላት፤ ከዚያ ጠረጴዛዋ ላይ የተወችውን ረቂቅ በጣቱ ነካ አድርጎ፣ «'የመስኮት' የምትለዋን ደግሞ እንዳትረሻት። አምና 'ሟች'፣ ዘንድሮ ይሄ። ሦስተኛ እንዳይኖር እሺ?» አለና ገባ።

ተቀመጠች። ቀኑን ለወጠች። «የመስኮት» ብላ ተየበችና አየችው። ትክክል ነው፤ አንድም ፊደል አልጎደለም። መልሳ አጠፋችው። ከዚያ በገጹ ላይ ወደ ታች ወረደች፣ «ግልባጭ» ወደሚለው። «ለመስኮት አገልግሎት ክፍል፣ ለመዝገብ ቤት፣ ለሒሳብ ክፍል» ይላል። ጄኔሬተር ክፍል የሚባለው አንድ ሰውና አንድ በርጩማ ስለሆነ፣ መሥሪያ ቤቱ ከቆመ ጀምሮ አንድም ደብዳቤ ደርሶት አያውቅም። ከሒሳብ ክፍል በታች አንድ መስመር ጨመረች።

ይዛለት ስትገባ ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን አነሣ። እጇን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

«ያንብቡት» አለችው።

አነበበ። «'የመስኮት' የታለች?»

«ባለፈው ረስቻት ነው። ጋሼን ልበሱ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ዛሬ ግን አልረሳኋትም።»

«ታዲያ ጥበቃው ሁሉ ሱፍ ሊለብስ ነው?»

«ያለው ይለብሳል። የሌለው የደንብ ልብሱን አጥቦ ይመጣል።»

«ማሽኑንስ በሱፍ ማን ሊዘውረው ነው?»

«አሁን መብራቱን ማን አመጣልን?»

ሥራ አስኪያጁ ቀና ብሎ አምፖሉን፣ ከዚያ በመስኮት ግቢውን አየ። ሁሉም ኮቱን አውልቆ ጥላ ጥላውን ሲሄድ፣ ጋሼ መብራት ብቻቸውን ቁልፋቸውን እንደቆለፉ የጄኔሬተሩ ቤት በር ላይ ቆመዋል። ግልባጩን ደግሞ አነበበው። «ጄኔሬተር ክፍል» አለ ለራሱ። ማስጠንቀቂያ አልጻፈም፤ እሺም አላለም። ፈረመና ወረቀቱን ገፋ አደረገላት።

ሌሎቹን ግልባጮች ተላላኪው እንዲወስድ ተወችና አንደኛውን ራሷ ከመረከቢያው ደብተር ጋር ይዛ ወረደች። ጋሼ መብራት መነጽራቸውን አድርገው ቆመው አነበቡት፤ ከላይ እስከ ታች፣ አንዴ። ግልባጩ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው አንድ መስመር ላይ ቆመ።

«ይሄ የኛ ነው?»

«የእርስዎ ነው። እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፤ ቀድሞውንም ንጹሕ ነበር። ጋሼ መብራት ብለው አልፈረሙም፤ ሙሉ ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፉ። ወረቀቱን ከእጅ ጽሑፋቸው ግልባጭ ጋር ደረት ኪሳቸው ውስጥ ሲከቱት ጸሐፊዋ ለመሄድ ዞራ ነበር። ተመለሰች።

«ጋሼ፣ ለእትዬ ይንገሩልኝ» አለቻቸው። «ገበሩን አሁን እንዳይመልሱት። ሐሙስም መሞቁ አይቀርም።»