የእድር ፈቃድ ለዛንዚባር

ለገሃር አጠገብ ባለ መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ፣ የአለቆቼን የውጭ አገር ጉዞ ሁሉ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ቲኬቱን፣ ሆቴሉን፣ ቪዛውን። የኛን ሰዓት ከፈረንጅ ሰዓት አምታትቼ አንድ ሰው እንኳ ከአውሮፕላን አስቀርቼ አላውቅም። እነሱ ሲመለሱ ቸኮሌት ያመጡልኛል። ቸኮሌት! እኔ የምፈልገው ባሕር ማየት ነበር።

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር ኡራኤል ወዳለው ቲኬት ቢሮ ሄድኩና ሪሐና የምትባለውን ልጅ «ዛንዚባር ያዢልኝ» አልኳት።

«ለሕክምና ነው እትዬ?»

«የለም።»

«ልጅ ሊጠይቁ?»

«ልጅ የለኝም። ለሽርሽር ነው። ብቻዬን።»

ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች፤ ደስ የሚል ሳቅ። ለየካቲት ሁለት ያዘችልኝ፤ እስከ ቅዳሜ መጥቼ እንድቆርጥም ነገረችኝ።

ነገሩን፣ ከነቲኬት ቢሮው፣ ለታላቅ ወንድሜ ለፍሰሃ ብቻ ነገርኩት። ታላቅ ሳያውቅ ከአገር አይወጣም ብዬ ነው፣ ሞኟ!

«የሺሃረግ፣ በስልሳ ዓመትሽ? ብቻሽን? ሰው ምን ይላል?» አለ። ቆይቶ ግን ረጋ ብሎ፣ «ይሁን። ብቻ ለማንም እንዳትናገሪ፤ ጉዞ ሲወራ ይሰናከላል» አለኝ።

እኛ ሰፈር ሰው ውጭ አገር መሄዱ የሚሰማው ደርሶ ሲደውል ነው። ስለዚህ አፌን ዘጋሁ።

ቅዳሜ ስሄድ ቦታዬ የለም።

«ወንድምዎ ደውለው ነበር እኮ» አለች ሪሐና ፊቷ ቀልቶ። «ሐሳቧን ቀይራለች አሉኝ። ማለቴ፣ ታላቅ ወንድሟ ነኝ ሲሉኝ በቃ ካንስል አደረግኩት።»

ደሜ ፈላ። ለካ ዝም ያሰኘኝ ለዚህ ኖሯል! ማንም ካላወቀ፣ ብቀር «ለምን ቀረሽ?» የሚለኝ የለም።

«እንደገና ያዢው» አልኳት። «በዚያው ቀን። አሁኑኑ እቆርጣለሁ። ከእንግዲህ የኔን ጉዞ ከኔ አፍ በቀር ከማንም እንዳትሰሚ።»

በማግስቱ እሑድ የእድር ስብሰባ ነበር። ካዛንቺስ ሲፈርስ ግማሻችን ጎተራ፣ ግማሻችን ሌላ ቦታ ብንበተንም እድራችን አልፈረሰም። ሰብሳቢውም መዝገብ ያዡም ፍሰሃ ነው። ከከተማ የሚወጣ አባል አስቀድሞ ያስመዘግባል፤ አለዚያ ቀብር ላይ ሲጠፋ ይቀጣል። «ልዩ ልዩ» ላይ ሲደርሱ እጄን አወጣሁ።

«አቶ ሰብሳቢ፣ ፈቃድ ልጠይቅ ነው። ከየካቲት ሁለት እስከ ዘጠኝ ቀብር ላይ አልገኝም። ዛንዚባር ነኝ። ቲኬቴን ቆርጫለሁ።»

ስልሳ ሰው ዞሮ አየኝ። ከኋላ ወይዘሮ መድኃኒት እልልታዋን አቀለጠችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አሁን ብቀር ስልሳ ሰው የሚጠይቀው እሱን ነው። ፍሰሃም ገብቶታል፤ መዝገቡን ማገላበጥ ጀመረ።

«ደንቡ ምክንያት ይጠይቃል» አለ ድምፁ ቀጥኖ። «ሕመም፣ ሐዘን ወይስ ሥራ?»

«ባሕር ማየት።»

«እንዲህ የሚል እኮ የለም፣ የሺ።»

«እንግዲያው ከሥር ጨምርበት፣ ጋሼ። እጠብቃለሁ።»

እንደቆምኩ ጠበቅኩት። አንገቱን ደፍቶ ጻፈው።