ስልኩ ያገኛት ዘፋኝ

"ቀድሜ ያገኘኋት እኔ ነኝ፤ አንቺ ከእኔ ነው የሰማሽው" አለች ነጃት፣ ስልኩን ከኢማን እጅ ለመንጠቅ እየተንጠራራች።

"አንቺ ምን አገኘሽ? ያገኛት አፑ ነው። አንድ የድሬ ዘፈን ስከፍት 'ይህችንም ስሚ' ብሎ አመጣልኝ። ገና ሦስት መቶ ሰው እንኳ አልሰማትም፤ አፑ ባይኖር ከየት እናውቃት ነበር?"

"ጆሮሽን ለስልክ አከራይተሽዋል በይኛ።"

በሰው ቤት የሚሠሩት ሦስቱ ሴቶች አርብ አርብ፣ በዕረፍታቸው ቀን፣ ጅቡቲ ውስጥ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር በጋራ በተከራዩት ክፍል ይገናኛሉ። ጽጌሬዳ ጥግ ይዛ የቀሚሷን ጠርዝ ትሰፋለች።

"እስቲ አንቺ ፍረጂን፣ እትዬ ጽጌ" ብላ ኢማን ስልኩን አቀበለቻት።

ስልኩ ላይ ባለው የዘፋኟ ፎቶ ከግራ ቅንድቧ በላይ ጠባሳ አለ። ያቃጠላትን የፈላ ማንቆርቆሪያ ልጅ ከሚደርስበት ያስቀመጠችው ጽጌሬዳ ራሷ ነበረች። ከፎቶው ሥር ስሟ ተጽፏል፦ ፀዳል በፍቃዱ።

ድሬዳዋ፣ አያቷ ዘንድ ትታት ስትመጣ ልጇ ሰባት ዓመቷ ነበር። ጽጌሬዳ በደወለች ቁጥር "መቼ ነው የምትወስጂኝ?" ትላት ነበር። መልስ ሲያልቅባት ሲም ካርዷን ቀየረች። እዚህ ደግሞ አልወለድኩም ብላ አሥራ ሁለት ዓመት ኖረች።

"የጻፈችውንም አንብቢላት" አለች ነጃት።

ኢማን ስልኩን ተቀብላ አነበበች። "'ያሳደገችኝ አያቴ ናት። ይህ ዘፈን ጅቡቲ ለሞተችው እናቴ መታሰቢያ ይሁን።' አየሽ፣ እዚሁ እኛ ሰፈር የኖረች ትሆናለች እኮ።"

"ምስኪን። አላህ ይማራት" አለች ነጃት።

ሁለቱም ወደ ጽጌሬዳ ዞሩ።

"ነፍስ ይማር" አለች። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ፤ መርፌውን ፈልጋ አጣችው። ቆይታ ስልኳን ለኢማን ዘረጋችላት። "አፑን ለእኔም ጫኚልኝ።"

"አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ዘፈን የምትሰሚው?" ነጃት ሳቀች።

"ወደድኳት።"

"ይኸው" አለች ኢማን፣ ጭና ስትጨርስ። "አዲስ ስታወጣ ራሱ ይነግርሻል። ልትጽፊላት ብትፈልጊም እዚህ ጋ ነው።"

ሁለቱ ቀጥሎ በሚከፈተው ዘፈን ክርክር ያዙ። ጽጌሬዳ ጀርባዋን ሰጥታ "ይቅርታ" ብላ ጻፈችና አጠፋችው። በመጨረሻ ከእሷ በቀር ማንም ልጇን የማይጠራበትን የቤት ስም ብቻ አስቀመጠች፦ "ድንቡሼ"። ከሥሩም የአሁኑን ስልክ ቁጥሯን። ላከችው።

ሻሿን አሰረች። በሩ ላይ ከተደረደሩት መሃል ጫማዋን ለይታ አጠለቀችና፣ ቢደወልላት ብቻዋን ልታነሳው፣ ስልኳን በእጇ ይዛ ወጣች። ወደ አሠሪዋ ቤት መመለሻዋ ገና ሦስት ሰዓት ይቀረው ነበር።

ኢማን ቀና ሳትል ድምፁን ጨመረችው።