ትሪግቬ ከዋሻው ያልወጣበት ቀን

ጠቡ የተነሣው በዳቦ ነው። ቶሩን ዝናቡ ድንኳኑን ሲደበድብ ስታዳምጥ አድራ፣ ጠዋት ተነሥታ የቀረችውን ዳቦ ለሦስት ቆረጠቻት። ትሪግቬ ድርሻውን በሁለት ጣቱ አንሥቶ ወደ ላይ እያየው፣ «ይሄ ለሰው ነው ለወፍ?» አላት። በሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ያን ዕለት ግን ካልሲዋ እንደራሰ ነው፣ እንቅልፍም አልወሰዳትም፣ ስለዚህ ከዳቦው ጋር የሚበላውን ቡናማ አይብ መሬቱ ላይ ጣል አድርጋለት ሄደች።

ሦስቱ ወዳጆች ከትሮንድሄም ተነሥተው የኖርዌይን ጠረፍ ይዘው ወደ ሰሜን፣ ወደ ቦዶ፣ ብስክሌት መንዳት ከጀመሩ ሳምንት አልፏቸዋል። በትሮንድሄም የአንድ ሰፈር ጎረቤታሞች ናቸው። ቶሩን የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት። ጉንቮር ዕድሜዋን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ በቅርቡ ጡረታ ወጥታለች። ትሪግቬ ጣሪያ ሠሪ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ከሦስተኛው ቤት የሚሰማ፣ በበረዶ የተሸፈነ ጣሪያ ላይ እንደ ድመት የሚሄድ ሰው። የጉዞው ሐሳብ የሱ ነበር። እንደ ሐሳቡ ባለቤትም አለቃ ልሁን ማለቱ አልቀረም።

ከረፋዱ በኋላ መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልበት ቦታ ደረሱ። አንደኛው ተራራውን ሰንጥቆ ወደሚያልፈው የመኪና ዋሻ ይገባል። ሌላኛው አሮጌው መንገድ ነው፤ ባሕሩን ታክኮ ተራራውን ይዞራል፤ ድንጋይ ስለሚወርድበት ለመኪና ተዘግቷል። ከባሕሩ የሚመጣው ንፋስ ሰው ይጥላል። ጀልባው ደግሞ ከተራራው ማዶ ነው፤ የከሰዓቱ ካመለጣቸው እስከ ነገ ሌላ የለም።

«በአሮጌው እንሂድ» አለች ቶሩን።

«በዚህ ንፋስ? ጀልባው ጥሎን ይሄዳል» አለ ትሪግቬ። «ዋሻው ለብስክሌት አልተከለከለም። ሦስት ኪሎ ሜትር ምን አላት? ዓይንሽን ጨፍነሽ ስትገልጪ ማዶ ነሽ።»

«እኔ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አልገባም» አለች ጉንቮር። «አውቶቡስ ስነዳ ዋሻ ውስጥ ብስክሌተኛ ሳይ ምን እያልኩ እሳደብ እንደነበር የማውቀው እኔ ነኝ።»

«ቶሩንስ? እስቲ አንድ ቀን እንኳ ሳትፈሪ ዋይ!»

«መብራትህ ደካማ ነው፣ ትሪግቬ። ትናንት ባትሪው ሲያልቅ አይቻለሁ።»

«በቃ፣ እናንተ አሮጊቶች ባሕሩን እየዞራችሁ ጸልዩ። እኔ ማዶ ሆኜ ቡናዬን እየጠጣሁ እጠብቃችኋለሁ።»

ቶሩን ፊቷ ቀላ። «ሂድ እንግዲህ! ማን ያዘህ?» አለችው። «ለአንድ ሰዓት እንኳ ከአፍህ እንረፍ!»

ትሪግቬ እጁን አውለብልቦ ሄደ። ቢጫ የዝናብ ልብስ የለበሰው ሻንጣው በዋሻው ጥቁር አፍ ውስጥ ሲገባ ታየና ጠፋ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ቶሩን በአሮጌው መንገድ ላይ ንፋሱ ብስክሌቷን ወደ ገደሉ እየገፋባት ስትታገል፣ ያንኑ ቃሏን ነበር የምታላምጠው። ሁለት ቦታ ላይ ናዳ መንገዱን ዘግቶት ሻንጣ እያወረዱ፣ ብስክሌቱን በትከሻ እየተሸከሙ ተሻገሩ። ጉንቮር እያለከለከች፣ «አሁን ቡናውን ይዞ ተቀምጧል፣ ታያለሽ። አንድ ዓመት ሙሉ ነው የሚያወራብን» አለች። ቶሩን ግን የምታስበው ያን ደካማ መብራት ነበር።

ማዶ ደረሱ። ከዋሻው አፍ አጠገብ የአውቶቡስ መጠበቂያ ዳስ አለ። ባዶ ነው።

«ወደ ጀልባው ወርዶ ይሆናል» አለች ጉንቮር።

«ሳይጠብቀን?»

«ተቀይሞ ይሆናላ። አንቺም እኮ አልማርሽውም።»

ቶሩን ደወለች። ስልኩ አይጠራም። እንደገና ደወለች። ጉንቮር ፊቷን አየችና ቀልዱን ተወችው። «እኔ ወርጄ ወደቡ ላይ ልየው። አንቺ እዚሁ ሁኚ» ብላ ቁልቁለቱን ተያያዘችው።

ቶሩን ዝናቡ ውስጥ ቆመች። ከዋሻው መኪና በወጣ ቁጥር ቀድሞ ነፋስ ይመጣል፣ ከዚያ ጩኸቱ፣ ከዚያ መብራቱ። አንድ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። እጇን አውለበለበች፤ ማንም አልቆመም። በመጨረሻ አንዲት ወጣት ትንሽ መኪናዋን ዳር ይዛ መስኮቷን ዝቅ አደረገች።

«ዋሻው ውስጥ ብስክሌተኛ አይተሻል? ትልቅ ሰውዬ ነው፣ ሰማያዊ ጃኬት የለበሰ።»

«ብስክሌተኛ? አላየሁም» አለች ልጅቷ። ልትሄድ ማርሽ አስገብታ ቆም አለች። «ቆይ… መሀሉ ላይ ግድግዳው ሥር የሆነ ነገር ነበር። ጨለማ ነው፣ በደንብ አላየሁትም። ከጭነት መኪና የወደቀ ዕቃ መስሎኝ ነበር።»

ቶሩን የመስኮቱን ጠርዝ ጨበጠች። ልጅቷ «ምነው? ልርዳሽ?» ብላ ስትጠይቃት፣ ወደ ወደቡ ወርዳ ጉንቮር የምትባል ቀይ ኮፍያ ያደረገች ሴት ፈልጋ እንድትልክላት ለመነቻት። ከዚያ ዋሻው አፍ ላይ ወዳለው የአደጋ ጊዜ ስልክ ሮጠች።

የተረጋጋ የወንድ ድምፅ መለሰላት። የሆነውን እየተንተባተበች ነገረችው።

«እሺ፣ አሁን ቀይ መብራት እያበራሁ ነው፣ ዋሻውን ዘግቼዋለሁ» አላት። «አምቡላንስ ከከተማ ይነሣል፤ ትንሽ ይቆያል። እርስዎ እዚያው ይጠብቁ። እባክዎ እንዳይገቡ። ቀድመው የገቡ መኪኖች ገና አልወጡም።»

«እሺ» አለች ቶሩን። ስልኩን ሰቀለች፣ ግንባሯ ላይ የምታስረውን ባትሪ አበራች፣ ገባች።

ጀግንነት አልነበረም። ኋላ ላይ ራሷ እንዳለችው፣ እዚያ ቆሞ መጠበቅ ከመግባቱ ስለባሰባት ነው። መቶ እርምጃ ያህል እንደሄደች የቀኑ ብርሃን ከኋላዋ ጠበበ። አየሩ እንደ ምድር ቤት ይቀዘቅዛል፤ ከድንጋዩ ውሃ ይንጠባጠባል፤ መብራቶቹ እርስ በርስ ተራርቀው የተሰቀሉ ናቸው፣ በመሀላቸው ያለው ጨለማ ይረዝማል። ከሩቅ አንዳች ነገር ጮኸ። የጭነት መኪና መሆኑን ያወቀችው መሬቱ ከእግሯ ሥር ሲንቀጠቀጥ ነው። ከግድግዳው ጋር ተለጠፈች። መኪናው ጥሩምባውን እየነፋ በአጠገቧ ሲያልፍ ንፋሱ የጃኬቷን ኮፍያ ወደ ኋላ ገለበጠው፤ እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና «እማዬ፣ እማዬ» ትል ነበር። ካለፈ በኋላ ጎንበስ ብላ ጠዋት የበላቻትን ዳቦ አስታወከች።

«ትሪግቬ!»

የራሷ ድምፅ ተመልሶ መጣባት።

«ትሪግቬ!»

መጀመሪያ ያየችው ቢጫውን የሻንጣ ልብስ ነው፤ አስፋልቱ ላይ ተነጥፏል። አንሥታ ለማየት ድፍረት አጣች። ከዚያ ሻንጣው፣ ከዚያ የፊት ጎማው የተጣመመ ብስክሌት። ከሱ አለፍ ብሎ ግድግዳው ወደ ውስጥ የተቦረቦረበት ቦታ አለ። ትሪግቬ እዚያ ተቀምጧል። ጀርባውን ለድንጋዩ ሰጥቶ፣ ሁለት መዳፎቹን ከኋላው ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ ድንጋዩ እንዳይናድ የሚይዝ ሰው ይመስል።

ተንበርክካ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘች። በረዶ ሆኗል። «የት ጋ ነው የተመታኸው? ራስህን ነው? እግርህን ነው?»

«አልተመታሁም።»

«ደም አለ እኮ!»

«ክርኔ ነው፣ ተላልጦ ነው። የትም አልተመታሁም፣ ቶሩን።» ወደ ተጣመመው ጎማ አየ። «አንድ መኪና ሻንጣዬን ነካው፣ ወደቅሁ። መብራቴ ጠፋ። ተነሣሁና እዚህ ገባሁ። ከዚያ በኋላ… እግሬ እምቢ አለኝ። ሂድ እለዋለሁ፣ እምቢ ይላል።»

ይሄ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ደወል ቤት ላይ ተንጠልጥሎ እየዘፈነ ሲሠራ በዓይኗ አይታዋለች። አጠገቡ ተቀመጠች። ትከሻ ለትከሻ ተደጋገፉ።

«ዋሻውን ዘግተውታል» አለችው። «ከእንግዲህ መኪና አይመጣም።»

«በኔ ምክንያት?»

«በምን ምክንያት ይሆናል ታዲያ?»

«ወይኔ! ሰዉ ምን ይለናል?»

«ምን እንዳለ ስንወጣ እንሰማዋለን። ተነሥ።»

አልተነሣም። ጎተተችው፤ እንደ ግንድ ከበዳት። ተቆጣችው፣ ለመነችው፣ ምንም የለም። ከዚያ ያላሰበችው ነገር ከአፏ ወጣ። «ጣሪያ ስትሠራ ከየት ነው የምትጀምረው?»

«ምን?»

«ጣሪያ። ከላይ ነው ከታች የምትጀምረው?»

«እንዴት ከላይ ይጀመራል? ውሃው ሊገባ!» አለ፣ በዚያ ሁኔታውም ቅር ብሎት። «ከታች ነው፣ ከጠርዙ።»

«እሺ፣ ከጠርዙ። ቀጥሎስ? ጃኬቴን ያዝና ንገረኝ።»

ጃኬቷን ከኋላ ጨብጦ ተነሣ። ብስክሌቱንም ሻንጣውንም ትተው ሄዱ። ትሪግቬ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንድ እጁን ግድግዳው ላይ እየጎተተ፣ በተሰባበረ ድምፅ ስለ ማገርና ጣሪያ ላይ ስለሚደረደር ጠፍጣፋ ድንጋይ ያወራል። ዝም ሲል እግሩም ይቆማል፤ ያኔ «እሺ፣ ከዚያስ?» ትለዋለች። አንድ ጊዜ ግን ብትጠይቀውም ቆሞ ቀረ። ቶሩን ከፊቷ ያለውን ጨለማ እያየች፣ ተመልሶ ቢቀመጥ ምን አደርጋለሁ ብላ አሰበች። እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ እጁን ያዘች። እንደገና ሄደ። ስለ ጭስ ማውጫው ጀምሮ ገና ሳይጨርስ የቀን ብርሃን አገኛቸው።

ውጭ መኪኖች ተሰልፈው ቆመዋል። አንድ ሾፌር ከጭነት መኪናው ወርዶ፣ «ይሄን ሁሉ ሰው ያቆማችሁት ለዚህ ነው? ሰውዬው በእግሩ እየሄደ!» ብሎ ጮኸ።

«አዎ፣ ለዚህ ነው!» የሚል ድምፅ ከኋላው መጣ። ጉንቮር ናት፤ ብስክሌቷን መሬት ላይ ወርውራ እየሮጠች። «ሬሳ ተሸክመን ብንወጣ ደስ ይልህ ነበር? ግባና ሞተርህን አጥፋ! እኔም ሾፌር ነኝ፣ መጠበቅ አይገድልም!» ሰውየው ወደ መኪናው ተመለሰ። ጉንቮር ትሪግቬን አቅፋ አለቀሰች፤ እሱም በትከሻዋ ላይ ፊቱን ደበቀ።

የአምቡላንሷ ሴት ክርኑን አጠበችለት፣ ብርድ ልብስ አለበሰችው፣ ምንም አልሆንክም አለችው። የመንገድ ሠራተኞች ብስክሌቱን አወጡላቸው። ጀልባው ሄዷል። ወደቡ ላይ ባለችው ትንሽ ቡና ቤት ተቀምጠው ትኩስ ሾርባ አዘዙ። ትሪግቬ ማንኪያውን አልነካም።

«ስትጠሪኝ ሰምቼሻለሁ» አላት ቶሩንን። «ሁለቴም። ድምፄ አልወጣ አለኝ።»

ያን ጊዜ ነው ቀኑን ሙሉ ያፈነችው ነገር የፈነዳው። «ሞተሃል ብዬ ነበር!» ብላ ጠረጴዛውን መታችው። ሾርባው ፈሰሰ። «ዕቃ አየሁ ነው ያለችኝ ልጅቷ! ዕቃ! ሂድ ማን ያዘህ ያልኩህ እኔ ነኝ። ይሄን ይዛ እንዴት ትኖራለች ብለህ አላሰብክም?» ከዚያ እንባዋ ወረደ። ጉንቮር በጨርቅ ሾርባውን ትጠርጋለች፣ ማንንም አታይም።

«ይቅር በይኝ» አለ ትሪግቬ። ቀልድ አልጨመረበትም። ቆይቶ፣ «ነገ ወደ ቤት ልመለስ» አለ።

«እሱን ነገ እንነጋገራለን» አለች ጉንቮር።

በማግስቱ ጎማውን ካስጠገኑ በኋላ ተነጋገሩ። ወደ ቦዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ገና ብዙ ዋሻ አለ። ትሪግቬ መመለሱን ተወው፣ ግን ዋሻ አልገባም አለ። በጀልባው ተሻግረው የመጀመሪያው ዋሻ ዘንድ ሲደርሱ፣ እዚያም ዋሻውን የሚዞር አሮጌ መንገድ ነበረ፤ ሦስቱም አውቶቡስ ጠበቁ። ሾፌሩ ወደ አሮጌው መንገድ የሚያቀኑትን ሴቶችና ከነብስክሌቱ የቆመውን ግዙፍ ሰውዬ አየና፣ «እነሱ በአሮጌው መንገድ ይሄዳሉ፣ አንተ ትሳፈራለህ? ደከመህ እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

ትሪግቬ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማው፣ «አልደከመኝም። ዋሻ እፈራለሁ፤ አሮጌውን መንገድ ደግሞ ክርኔ አልቻለውም» አለ።

«ከኋላ ጫነው እንግዲህ» አለው ሾፌሩ።

ቶሩንና ጉንቮር በአሮጌው መንገድ ዞሩ። ንፋሱ ቆሟል፣ ባሕሩ ጸጥ ብሏል። ቶሩን ግን ትሪግቬ ከማዶ የመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እስክታየው ድረስ ፔዳሉን መርገጥ አላቆመችም። ስትደርስበት ብስክሌቷን አስተኝታ አጠገቡ ተቀመጠች፣ እስትንፋሷ እስኪመለስ።