የሰኞ ዱቄት

«ይሄ ደግሞ የምን አቧራ ነው?» አለች አክስት፣ ትንሿን የኪኒን ጠርሙስ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ።

ቤቱ በለቀስተኛ ከተሞላ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ቤተሰቡ «ሻለቃ» የሚላት ይህች የሟች እህት፣ ለእንግዶች ውሃ ለማቀዝቀዝ ብላ ፍሪጁን እያራገፈች ነበር። ጠርሙሱን ቆሻሻ ቅርጫቱ ላይ ልትደፋው ስትል ልጅቷ ደርሳ እጇን ያዘቻት።

«አክስቴ፣ ተይ! የአባዬ ነው።»

«መድኃኒቱ ነው?»

«የጊሽጣው አበባ ዱቄት ነው።»

ጠርሙሱ ላይ በተለጠፈው ፕላስተር የአባቷ የተንጋደደ ጽሑፍ አለ፦ «ሰኞ ከሰዓት። ጠዋት ይነካ።» ዛሬ ሐሙስ ነው። ማክሰኞ ጠዋት፣ የሌሊት ተረኛ ነርስ የሆነችው እናቷ ከሥራ ስትመለስ እንደ ወትሮው ጓሮ ዛፉ ሥር የምታገኘውን ባሏን አጣችው። ገብታ ብታይ እንደተኛ ቀርቷል።

ሳሎን ውስጥ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ሻይ ይዞ እያወራ ነው። «ይሄን ጊሽጣ ‹ቆይ አቀምስሃለሁ› ካለኝ አምስት ዓመቱ! ፍሬውን አላየሁትም እንጂ ጣዕሙንማ በቃሌ አውቀዋለሁ።» ለቀስተኛው ሳቁን ሊያፍን ሞክሮ አቃተው። እናት ብቻ ብርጭቆዋን አቅፋ ወደ ጓሮው በር ታያለች።

ሟች የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። አንድ ተሳፋሪ የሰጠውን ዘር ጓሮ ተክሎ፣ በሰፈሩ ማንም የማያውቀውን ዛፍ አሳደገ። ዛፉ ሁለት ዓመት አበበ፤ አንድም ፍሬ አልያዘም። ሰውዬው የልጁን የመኳኳያ ብሩሽ ሰርቆ ጠዋት ማታ አበቦቹን ይዳብስ ነበር።

«አባዬ፣ በቃ ቁረጠው! ቦታ ነው የያዘው» አለችው አንድ ቀን። መጠበቅ የሚባል ነገር አይሆንላትም።

«አንቺም እስከ ሦስት ዓመትሽ አፍ አልፈታሽም። ቆረጥንሽ?»

ተናዳ፣ ዛፉ መካን መሆኑን ልታረጋግጥለት ማንበብ ጀመረች። ያገኘችው ሌላ ነው። የጊሽጣ አበባ ሲከፈት መጀመሪያ ሴቴ ነው፤ በማግስቱ ከሰዓት ወንዴ ሆኖ ዱቄቱን ያራግፋል። ሴቴነቱና ወንዴነቱ አይገናኙም። አባቷ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ የአንዱን አበባ ዱቄት መልሶ እዚያው አበባ ላይ ሲቀባ ኖሯል። ዱቄቱ ከሰዓት ተሰብስቦ ፍሪጅ ማደር፣ ጠዋት ገና የተከፈተውን አበባ መንካት ነበረበት።

አባቷ ይህን ሲሰማ እስኪያነባ ሳቀ። «እኔና እናትሽ በይኛ! እሷ ስትገባ እኔ ስወጣ።»

«ታዲያ እኔ እንዴት ተገኘሁ?»

«የእረፍት ቀን የለንም እንዴ?»

ይህ የሆነው ባለፈው እሑድ ነው። ሰኞ ሰበሰበ። ማክሰኞን አላየም።

«እስቲ ስጪኝ» አለችና ጠርሙሱን ከአክስቷ ተቀብላ ብሩሹን ፍለጋ ገባች።

«ወዴት ነው ደግሞ? ሰው ምን ይላል? የአባቷ ለቅሶ ሳይነሳ ጓሮ ትጫወታለች አይልም?»

«ይበላ! የቀሩት አምስት እንቡጦች ናቸው። ነገ ይከፈታሉ። እነሱ ካመለጡን ደግሞ ለከርሞ ነው።»

ሦስት ቀን ያደረ ዱቄት እንደማይሠራ ታውቃለች። ዛፉ ሥር አራገፈችውና ከደረሱት አበቦች አዲስ ሰበሰበች። ፕላስተሩ ላይ «ሰኞ» የሚለውን ሰርዛ «ሐሙስ» ብላ ጻፈች፤ የቀረውን አልነካችውም። ሻለቃ እያጉረመረመች ከውሃ ጠርሙሶቹ አንዱን ከፍሪጁ አወጣችና ቦታ ለቀቀችላት።

በማግስቱ ጠዋት አራቱን ቶሎ ቶሎ ነካች። አምስተኛው ከፍ ካለ ቅርንጫፍ ላይ ነው፤ በአባቷ ቁመት ልክ። ተንጠራራች፤ አልደረሰችም። በርጩማ ልታመጣ ስትዞር እናቷ ከኋላዋ ቆማለች። በሌላ ቀን ቢሆን ከሥራ የምትመለስበት ሰዓት ነበር።

«እኔ ልያዝልሽ» አለች እናት። ቅርንጫፉን በሁለት እጇ ዝቅ አደረገችው። «በዚህ ሰዓት ስገባ ‹ነይ ያዥልኝ› ይለኝ ነበር። ደክሞኛል እለዋለሁ።»

ልጅቷ ብሩሹን አበባው ውስጥ ሦስት ጊዜ አዞረችው። አለቀ።

እናት ግን ቅርንጫፉን አልለቀቀችም።

ልጅቷ «ጨርሻለሁ» ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። ብሩሹን እንደገና ጠርሙሱ ውስጥ ነክራ፣ ያንኑ አበባ ቀስ ብላ እንደ አዲስ መንካት ጀመረች።