የተወገደው ታንከር

የመንገዶች ቢሮ ታንከሩን ካስወገደው አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል። ታንከሩ ግን መወገዱን የነገረው ሰው ስላልነበረ፣ እዚያው መንገዱ ሥር እንደተጋደመ ቤንዚኑን ጠብ ጠብ ሲያደርግ ኖረ።

መንገዱ ዳር ያለችው የልብስ እጥበት ቤት የእትዬ ሙጭጭ ናት። ወላጆቿ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ አንድ ነገር ከያዘች ስለማትለቅ ሰፈሩ ሙጭጭ አላት፤ እሷም እንደ ሙገሳ ቆጥራ ተቀበለችው። ከፊት ሁለት የማጠቢያ ማሽን፣ አንድ ካውያ፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፤ ከኋላ መኝታ ክፍሏ። ሽታው የጀመረው ከመኝታ ክፍሉ ወለል፣ ከውሃ መውረጃው ነው። መጀመሪያ ቀለም ቀለም አለ፣ ቀጥሎ መኪና መኪና። ኋላማ ደንበኞቿ አንሶላቸውን አሽትተው «እትዬ፣ ይሄን በሳሙና ነው በቤንዚን ያጠብሽው?» ይሏት ጀመር።

ለደንበኛ መልስ አታጣም። የቆረቆራት የልጇ ነገር ነው። ልጇ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ አንድ ወር ቀርቷታል፤ የምትታረሰውም እናቷ ቤት ነው ተብሎ ካለቀ ቆይቷል። የልጅቱ አማት ግን አንድ ቀን መጥታ፣ አፍንጫዋን በሁለት ጣቷ ይዛ መኝታ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችና «የልጅ ልጄ ማደያ ውስጥ አይተኛም። እኔ ቤት ትመጣለች» ብላ ልጅቱን ይዛት ሄደች። የሚያሳርረው፣ ሴትዮዋ እውነቷን መሆኑ ነው። እትዬ ሙጭጭን ከዚህ በላይ የሚያናድዳት ነገር የለም።

በዚያ ላይ መንገዱ ሊታደስ ነው። የፊታችን ሐሙስ አስፋልት ይፈሳል የሚል ወረቀት በየበሩ ተለጥፏል። አዲስ አስፋልት ደግሞ አምስት ዓመት ሳይሞላው መቆፈር ክልክል ነው። በአምስት ዓመት ልጁ ተወልዶ፣ ድክ ድክ ብሎ፣ ትምህርት ቤት ሊገባ ነው።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሄደች። መሐንዲሱ ትሑት ልጅ ነው፤ ወንበር ሳበላት፣ መዝገብ አገላበጠላት።

«ልክ ነዎት እትዬ። እዚያ ጋ የቢሮው መኪናዎች ማደያ ነበር፤ መንገዱ ሲሰፋ ፈረሰ። ሁለት ታንከር ነበረው። አንደኛው ተቆፍሮ ወጥቷል።»

«ሁለተኛውስ?»

«ተወግዷል።»

«ማን አወጣው?»

«አልወጣም። ተወግዷል።»

«ከየት ነው የተወገደው ታዲያ?»

«ከመዝገብ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በቢሮ ቋንቋ አንድ ዕቃ ተወገደ ማለት ከንብረት መዝገብ ተሰረዘ ማለት ነው። በሰው ቋንቋ ደግሞ ተወገደ ማለት ከቦታው ጠፋ ማለት ነው። ያኔ የነበረው ጸሐፊ በቢሮ ቋንቋ ጻፈ፤ የመንገድ ሠራተኞቹ በሰው ቋንቋ አነበቡ፤ ከሥር ምንም የለም ብለው ደልድለውበት ሄዱ።

«እሺ፣ አሁን ቆፍራችሁ አውጡታ!»

«የተወገደ ዕቃ ላውጣ ብል ማን ፈቃድ ይሰጠኛል? መዝገብ ላይ የለም እኮ።»

«መዝግቡታ!»

«ንብረት ክፍል በዓይኑ ያላየውን አይመዘግብም።»

«ቆፍራችሁ አሳዩታ፣ አንተ ልጅ!»

«ለመቆፈር እኮ መጀመሪያ መዝገብ ላይ…» አለና፣ የራሱን ንግግር ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው ይመስል መዝገቡን ዘጋው። ቶሎ ብሎ ደግሞ «ግን እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። የአፈር ብክለት አስተዳደር ኮሚቴ አቋቁመናል። አፈሩንም አስመርምረናል» አላት።

«ምን ተገኘበት?»

«ከፍተኛ ብክለት። ፋይል ውስጥ አስቀምጠነዋል።»

«ጎሽ፣ ፋይል ውስጥ ከገባማ አያመልጥም። ከዚያስ?»

«ኮሚቴው ባለፈው ወር ዓርማ መርጧል።» ዓርማውን አሳያት። አረንጓዴ ቅጠል፣ ቅጠሉን ከሥር የደገፈ እጅ።

«ያምራል» አለች። «ይሄኛው ደግሞ ሽታ የለውም።»

እየተብከነከነች ደረጃውን ስትወርድ፣ ምድር ቤት አንዲት መስኮት አየች፤ የወደቁ ዕቃዎች መቀበያ ይላል። ከመስኮቷ ወዲያ ሠላሳ የሚሆን ጃንጥላ፣ አንድ እግር ጫማ፣ አንድ ክራንች፤ የክራንቹ ባለቤት በምን እግሩ እንደሄደ እሱ ይወቀው። ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። እትዬ ሙጭጭ ትምህርቷ አራተኛ ክፍል ላይ ስለቀረ ጣቷን እያስከተለች ነው የምታነበው፤ እንደዚያ ስለምታነብ ደግሞ አንድም ቃል አታልፍም። «የመንግሥት ንብረት ወድቆ ሲገኝ ክፍሉ በዕለቱ ይረከባል፣ ይመዘግባል። ዕቃው እስኪነሳ ድረስም ጥበቃ ያቆማል።» ሁለቴ አነበበችውና ወደ ቤቷ ገሰገሰች።

ማክሰኞ ጎረቤቷ ጎሚስታው ዘንድ ሄዳ ድጅኖ ተዋሰች።

«እትዬ፣ ባንክ ልትሰብሪ ነው እንዴ?» አላት ጎማውን እየላጠ።

«ባንክማ ዘበኛ አለው። እኔ የምፈልገው ዘበኛ የሌለውን ነው።»

መንገዱ ጠርዝ ላይ፣ ሁልጊዜ የፍሳሽ ጉድጓድ ይመስላት የነበረውን ክብ ብረት ከጭቃው ጠረገችው። ቁጥር ሁለት ይላል፤ ከቁጥሩ ሥር የቢሮው ማኅተም ተቀርጿል። በድጅኖ ፈንቅላ አነሳችው፤ ሽታው ፊቷን በጥፊ አላት። ቀዳዳውን በጣውላ ከድና ድንጋይ ጫነችበት፤ ክዳኑን በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ይዛ ቢሮ ሄደች።

የወደቁ ዕቃዎች መስኮት ላይ የተቀመጠው የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ራሱ ነው፤ በሥራ ዘመኑ አንዲት ጃንጥላ ያልጠፋችበት፣ ወፍራም መነጽር ያደረገ ሰውዬ።

«ምን አገኘሽ፣ እህቴ?»

«ታንከር።»

«የምን ታንከር?»

ሳፋውን ስታስቀምጠው ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። «ክዳኑ ይኸው፣ ጋሼ። ሌላው ስለከበደኝ ጥዬው መጣሁ።»

ሰውዬው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ቁጥሩን አየ፣ ማኅተሙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። «ይሄማ የኛ ነው። ግን እኮ ተወግዷል።»

«ከመዝገብ ጠፍቶ ነበር ማለት ነዋ። እንኳን ደስ አለዎት፣ ተገኘ።»

«የት ነው ያለው?»

«መንገድ ላይ። ያለ ጠባቂ። እኔ ሴትዮዋ እንኳ ክዳኑን አንስቼ ይዤው ስመጣ አንድ ሰው ወዴት አላለኝም።»

የሰውዬው ፊት ተለዋወጠ። ስለ መርዝ ብትነግረው፣ ስለ ነፍሰ ጡር ብታለቅስለት ጆሮ ዳባ ልበስ ይላት ነበር። የመንግሥት ዕቃ ያለ ጠባቂ መንገድ ላይ አድሯል ሲባል ግን ከወንበሩ ብድግ አለ። ወዲያው ቅጽ አወጣ። «የዕቃው ሁኔታ» የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አያት።

«ያፈሳል ይበሉ» አለችው።

ከሰዓት በኋላ ዘበኛ ወንበሩን ይዞ መጥቶ ጣውላው አጠገብ ተቀመጠ። ሐሙስ ጠዋት አስፋልት ጠቅጣቂው ሮሎ እያጓራ ደረሰ። ዘበኛው ንቅንቅ አላለም።

«ተነሳ እንጂ፣ ሥራ አለን!» አለው ፎርማኑ።

«ንብረት እየጠበቅኩ ነው።»

«የታለ ንብረቱ?»

«ከሥሬ።»

ፎርማኑ ደወለ፤ መሐንዲሱ እየሮጠ መጣ። ታንከሩ አዲስ የመዝገብ ቁጥር እንደወጣለት ሲሰማ ዘበኛውን ሊስመው ምንም አልቀረው። አሥራ አራት ዓመት እንቢ ያለው ፈቃድ በግማሽ ቀን ወጣ። ዓርብ ቦቴ መኪና መጥቶ ከታች የቀረውን ነዳጅ መጠጠ፤ ኤክስካቫተሩ ቆፍሮ ታንከሩን አነሳ። ሆዱ ወንፊት ሆኗል። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው አፈር ጠቁሮ ያብለጨልጫል፤ ለማየት የተሰበሰበው ሰው ሁሉ አፍንጫውን በክንዱ ሸፈነ። የንብረት ኃላፊው «አንድ ታንከር፣ ከነክዳኑ» ብሎ ፈርሞ ተረከበ። ኤክስካቫተሩም ያንኑ ጥቁር አፈር እየገፋ ወደ ጉድጓዱ መመለስ ጀመረ።

«አቁም!» እትዬ ሙጭጭ ከክምሩ ፊት ተገተረች። «ምን እያደረጋችሁ ነው?»

መሐንዲሱ አንገቱን ሰበረ። «እትዬ፣ ፈቃዱ ለታንከሩ ብቻ ነው። አፈሩ ንብረት አይደለም።»

እሷ ግን ወደ ኃላፊው ዞረች። «ጋሼ፣ ታንከሩ ውስጥ የነበረው ቤንዚን የማን ነበር?»

«የቢሮው።»

«አሁን የት ነው ያለው?»

ሰውዬው ታንከሩን አየ። አፈሩን አየ። አጎንብሶ አንድ ጭብጥ አነሳና አሸተተ፤ ከዚያ ብዕሩን እንደገና አወጣ። «ነዳጅ፣ ከአፈር ጋር የተደባለቀ» ብሎ ጻፈ። «አንድ አካፋ ሙሉ እንኳ እዚህ እንዳይቀር!»

አሥራ ስምንት ገልባጭ መኪና ሙሉ ንብረት ወጣ። ከከተማው ውጪ ባለው የቢሮው ግቢ፣ ወፍራም ፕላስቲክ ላይ ተበትኖ፣ እየተገላበጠ እንዲናፈስ ተደረገ፤ ጥበቃም ቆመለት። ጉድጓዱ በንጹሕ አፈር ተሞላ።

ቅዳሜ መሐንዲሱ የሽታ መለኪያውን ይዞ መኝታ ቤቷ ገባ። ወለሉን ለካ፣ ግድግዳውን ለካ፣ ግድግዳውን ደገመው።

«በጣም ቀንሷል፣ እትዬ። ግን ግድግዳው ጠጥቶታል። ሦስት ወር መስኮቱ ተከፍቶ ይናፈስ። እስከዚያ ማንም እንዳይተኛበት፤ ነፍሰ ጡርና ሕፃንማ በፍጹም።»

«ልጄ እኮ ሦስት ሳምንት ነው የቀራት።»

መሐንዲሱ ግድግዳውን ለሦስተኛ ጊዜ ለካው፤ ያው ነው። እትዬ ሙጭጭ ግድግዳውን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። ከቢሮ ጋር ትከራከራለች፣ ከኤክስካቫተር ጋር ትከራከራለች፤ ግድግዳ ግን ቅጽ አይሞላም። መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው፤ ፍራሿን ጠቅልላ በትከሻዋ ተሸከመችና ወጣች።

የልጅቱ አማት በሩን ገርበብ አድርጋ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«መጣሽ?»

«መጣሁ። ሦስት ወር ነው።»

«ማን ጠራሽ?»

«ልጄ እዚህ ናት፤ እኔ የት እሆናለሁ?»

«አልጋ የለኝም።»

«ወለልም የለሽ?»

አማቲቱ አየሩን አሸተተች። «ይሄን ቤንዚን ለብሰሽ ልጅቱ አጠገብ አትደርሺም። ፍራሹም እዚያው ውጭ ይቀራል።»

እትዬ ሙጭጭ የአንድ ሰዓት መልስ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ከውስጥ የልጇ ድምፅ መጣ፦ «እማዬ፣ በናትሽ አንዴ እሺ በያት!»

መልሱን ዋጠችው። አማቲቱ ከጓዳ ቀሚስ አምጥታ ወረወረችላት፤ በሩ ኋላ ቆማ ቀየረች። ቀሚሱ ክንዷ ላይ ያዛት፣ ወገቧ ላይ ያዛት።

«ልብስሽ ሁሉ እንዲህ ጠባብ ነው?»

«አፍሽን ዝጊና ግቢ፤ ብርድ ታስገቢብናለሽ።»

ገባች።