ጧፍ የመሰከረበት ሸማ

ሰው ከእናቱ ማኅፀን ዕራቁቱን ወጥቶ ወደ እናቱ ምድር እስኪመለስ ድረስ ከሥጋው ሳይለይ የሚከተለው ወዳጅ ልብስ ነውና፣ የቀደሙት አበው ለሸማ የሚታመን እጅ እንጂ የሚፈጥን እጅ አይመርጡም ነበር። ከምድር በቅሎ፣ በሰው ትከሻ አርጅቶ፣ ዳግመኛ ወደ ምድር የሚመለስ ሸማ ማንንም አይበድልም፤ በዳዩ ዘወትር ሰው ነው፤ ከበዳዮችም ሁሉ የከፋው፣ አንባቢ ሆይ፣ ከአንድ ማዕድ አብሮን የሚቆርሰው ነው። የምተርከው ነገር ማር አይደለምና ብዕሬ መረር ቢል አትፍረዱብኝ።

በደብረ ኪዳን ከተማ እመት ዘርፈሽዋልና ባሏ ጓንጉል፣ እርሷ በፈትልና በቀለም፣ እርሱ በድርና በማግ ጥበብ ስመ ጥርና ምስጉን ሆነው ይኖሩ ነበር። የቤታቸው ሥርዓት ጥብቅና ንጹሕ ነበረ። ጥጡ ከቆላ ገበሬ ይመጣል፣ በመንደሩ ባልቴቶች እንዝርት ይፈተላል፤ ጥለቱ በእንሶስላና በግራር ቅርፊት ይነከራል፣ የቀለሙም እጣቢ ከብት ከሚጠጣበት ወንዝ አይደፋም፤ ሸማ ሲነትብ ጥለቱ ተፈትቶ በአዲስ ሸማ ላይ ይሰፋል፤ ከመቀስ የተረፈች ብጣሽ ክር እንኳ በቅርጫት ተጠራቅማ ለኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ጧፍ መሥሪያ ትሰጣለች። ክር መጣል በዚያ ቤት እንጀራ ከመርገጥ የሚያንስ ነውር አልነበረም። የባልቴቶቹም ጉርስና ክብር በእንዝርታቸው ጫፍ ላይ ነበርና፣ ባልና ሚስቱ የፋብሪካ ክር ከሸማቸው እንዳይገባ በፊታቸው ቆመው ምለውላቸው ነበር።

ይሁን እንጂ አንድ የወደብ ነጋዴ መጥቶ ሸማውን አብዝተህና አፍጥነህ ሥራልኝ ባለው ጊዜ የጓንጉል ልብ ተከፈለ። ለዓይን ከጥጥ የማይለይ ሰው ሠራሽ ክር ከነጋዴው እጅ በስውር ተቀብሎ፣ የሸማ መሥሪያውን ክፍል ዘግቶ፣ ከባልቴቶቹ ፈትል ጋር እየቀላቀለ ይሠራ ጀመር። ከባልቴቶቹ ልቃቂት አብዛኛው ሳይነካ ሲከመር ግን ሰበብ አስፈለገው፤ ሰበቡንም የጣለው፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ከሁሉ የላቁት ፈታይ፣ ዘርፈሽዋልን አሳድገው በልጅነቷ እንዝርት ባስያዟት በእማማ አሰገደች ላይ ነበር። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ እንዳዘነ ሰው ተንፍሶ ለሚስቱ፣ «የእማማ ፈትል ቋጠሮ በዝቶበታል፤ ዓይናቸው ደክሟል መሰለኝ። እኔ ምን ብዬ ልንገራቸው? አንቺ በዘዴ ንገሪልኝ እንጂ» አላት።

ባሏን እንደ ወንጌል የምታምነው ዘርፈሽዋል ሄዳ፣ ጉልበታቸውን ስማ፣ ቃሏን አለስልሳ ነገረቻቸው። እማማ አሰገደች ልቃቂታቸውን አንሥተው በፀሐይ ላይ እያገላበጡ ብዙ አዩት፤ ከዚያም፣ «ለእኔስ ልጄ፣ ቋጠሮው አልታየኝም ነበር። ለካ አለመታየቱ ራሱ ነው ምልክቱ» ብለው እንዝርታቸውን ከግድግዳው ሰቀሉት። የእሳቸውን መተው ያዩ ሌሎች ባልቴቶችም በየራሳቸው ዓይን ላይ ጥርጥር አደረባቸውና አንድ በአንድ ፈትሉን ተዉ።

እነሆ ግን ክፉን በክፋቱ ሳይሆን በደግ ልማዱ መያዝ የፈጣሪ ጥበብ ነው። መሐላውን መጣል የቻለው ጓንጉል ብጣሽ ክር መጣል አልቻለም! እጁ ከአባቱ እንደ ተማረው የሰው ሠራሹንም ክር ቅንጥብጣቢ ከጥጡ ጋር ለቃቅሞ ከቅርጫቱ ሞላው፤ ዘርፈሽዋልም እንደ ወትሮዋ ለጧፍ ላከችው። በኪዳነ ምሕረት በዓል ማለዳ ካህናቱ ጧፋቸውን ሲያበሩ፣ ክሩ ይንጣጣ፣ ጥቁር ጭስ ያወጣ፣ እንደ ተቃጠለ ቀንድም ይሸት ጀመር። ቄሰ ገበዝ ወልደ ሐና ከቅዳሴ በኋላ ዘርፈሽዋልን አስጠርተው፣ ቀልጣ እንደ ድንጋይ የጠጠረች ጥቁር ጠብታ በመዳፏ ላይ አኖሩላትና፣ «ጥጥ አመድ ይሆናል እንጂ ጠጠር አይሆንም፤ እመት ዘርፈሽዋል፣ ከማን ቤት የመጣ ክር ነው?» አሏት። ዘርፈሽዋል መንገዱን ሁሉ ጠብታይቱን ጨብጣ ወደ ቤቷ ሄደች።

ጓንጉል ጠብታይቱን ባየ ጊዜ መካድ አልሞከረም። «ለቤታችን ብዬ ነው» አለ።

«የእማማ ዓይንስ?» አለች፤ «እሱም ለቤታችን ተብሎ ነው የደከመው?»

ጓንጉል ጠብታይቱን ከእጇ ሊወስድ እጁን ዘረጋ።

«አንተ!» አለችው፤ ከሠርጓ ቀን ጀምሮ አንቱ ስትለው የኖረች ሴት በዚያች ቃል ትዳሯን ከመንበሩ አወረደችው። «ሐሰቱን አንተ ፈተልከው፤ እኔን ግን መወርወሪያ አደረግኸኝ። አንተ ብትነግራቸው ባላመኑህ! ያሳደጉኝን ሴት በገዛ አፌ አስወጋኸኝ።» ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ ዘርፈሽዋል ግን የወደቀችው በሌላ ሰው ላይ ነበርና ሕመሙ እጥፍ ሆነባት። አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ ተዋረድኩም አለች፤ የተደባለቀውንም ድር በመቀስ ቆርጣ ከደጅ ጣለችው።

ከዚያም ባልቴቶቹ በተሰበሰቡበት ከእማማ አሰገደች እግር ሥር ወድቃ፣ «ዓይንዎ ደኅና ነው፤ ፈትልዎም እንከን አልነበረበትም። የዋሸነው እኛ ነን፤ ይማሩኝ፣ እንዝርትዎንም ያንሡልኝ» አለች። እማማ አሰገደች አንሥተው ሳሟት፤ እንዝርታቸውንም ከግድግዳው አውርደው ባዘቶውን በጣታቸው ሳቡ። ክሩ ተበጠሰ፤ ደግመው ሳቡት፣ ዳግመኛ ተበጠሰ። «ይቅር ብዬሻለሁ፣ በማርያም!» አሉ፤ «ግን ያን ጊዜ ስትነግሪኝ እኔ ብቻ አይደለሁም የሰማሁሽ፤ እጄም ሰምቶሻል። ይኸው ቋጠሮ እየፈለገ ይንቀጠቀጣል። አንቺ ዋሸሁ ስትይ እኔ አመንኩሽ፤ እሱ ግን አላምን አለ።»

ሌሎቹ ባልቴቶች ወደ ፈትላቸው ተመለሱ፤ ጓንጉልም ንስሐ ገብቶ ንጹሕ ጥጥ ሠራ፤ እማማ አሰገደች ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልፈተሉም። የተሰረቀ ጥጥ በሚመጣው ክረምት ዳግመኛ ይዘራል፤ ሰው በገዛ እጁ ላይ ያለው እምነት ከተሰረቀ ግን የሚዘራበት ማሳ የለውም።